አሥራ አራተኛው መረጃ ሰጪ

ከሃያ ሁለቱ የፈቃድ ቅጾች ሃያ አንዱ ተፈርመው ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድረዋል። በሕይወት የሌሉት የሦስቱ ሽማግሌዎች ቅጽ እንኳ በልጆቻቸው እጅ ተፈርሟል። የጎደለው የአሥራ አራተኛው ብቻ ነው።

የጥናት ተቋሙ ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጡና ቀና አሉ።

«አሥራ አራተኛው የት ሄደ?»

«አላስፈረምኩትም።»

«ሞቷል?»

«የለም፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ምን ብላ ትንገራቸው? ሌሎቹን መረጃ ሰጪዎች ስታነጋግር ቅጹን ከመቅረጸ ድምፁ ጋር አብራ ታወጣ ነበር። ለዚህኛው አላወጣችም። የሚወዱት ሰው ፊት ማን ቅጽ ይዘረጋል?

«መጽሔቱ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «የሦስት ዓመት ልፋትሽ ነው፣ ልጄ። ወይ አስፈርሚው፣ ወይ ከጽሑፉ አውጪው።»

ማውጣቱንማ ሞክራለች። አሥራ አራተኛው መረጃ ሰጪ ሠላሳ አንድ ቦታ ተጠቅሷል። አምስቱን ስታወጣ ጽሑፉ እንደተነቀለ አጥር መጋደም ጀመረ፤ መልሳ አስገባቻቸው።

በተቋሙ ውስጥ ተማሪዎቿ «ነጠላ ሰረዝ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ለምን ቢባሉ፣ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ የተነሳ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ስለምትመልስ ነው ይላሉ። ዞር ስትል ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመቷን ደፍና አሁንም ነጠላ ስለሆነች ነው ይላሉ። ሁለቱንም ታውቃለች። ዱሮ ትስቅበት ነበር። አሁን አትስቅበትም፤ አትቆጣበትምም።

ጽሑፏ የሚላከው ለሐይቅ ዳር አገሮች ጥናት መጽሔት ሲሆን፣ ሞተር ከመምጣቱ በፊት ሰውና ዕቃ በሐይቁ ላይ ሲያሻግሩ የኖሩትን ቀዛፊዎች ታሪክ ይተርካል። አሥራ አራተኛው የመጨረሻው ቀዛፊ ልጅ ነው። እሱ ራሱ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ የሐይቁ ሰዎችም ሞተረኛው ነው የሚሉት። ከደሴት ደሴት ያደረሳት፣ ጥርስ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ንግግር ቃል በቃል ያስረዳት፣ ማዕበል ሲነሳ ማስታወሻ ደብተሯን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ያሻገረላት እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ደብተሩን ሲመልስላት እጇን ሳይለቅ ቀረ። እሷም አልጎተተችውም።

ዓምና ይዛው ወደ ቤት መጣች። አባቷ ዳኛ ነበሩ፤ እናቷ እስከ ዛሬ «የዳኛው ሚስት» ነው የሚባሉት። የዚያን ዕለት ጠዋት የግቢው የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበርና ሞተረኛው ገና ሳይቀመጥ እጅጌውን ሰብስቦ ሠራላቸው። እናቷ አመሰገኑት፣ ሻይ በረንዳ ላይ አስቀረቡለት። አጎቷ ድንገት ሲመጡ «የልጄ ረዳት ነው» ብለው አስተዋወቁት። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቃል አልወጣትም። እሱም ሻዩን ጠጥቶ፣ ስኒውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጎ አስቀመጠና አውቶቡስ እንዳያመልጠው ተሰናብቶ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ስልክ ከመደወል ይልቅ፣ በተቋሙ አድራሻ ደብዳቤ ላከላት። አራት መስመር ብቻ ነበር።

«ደህና ገባሁ። ፓምፑ ድምፅ ካሰማ ጎማውን አስቀይሩት። አንድ ነገር እንድትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነው። ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

መልሱን ሰባት ጊዜ ጻፈችው። የሰው ጽሑፍ የምታርም ሴት የራሷን ደብዳቤ አርማ መጨረስ አቃታት፤ አንዴ ቃሉ በዛ፣ አንዴ አነሰ። ሦስት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ የተቋሙ ሾፌር ከሐይቁ ተመልሶ «ሞተረኛሽ እኮ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ በመኪና አጀብ ሲያልፍ አየሁት። አገባልሽ» አላት። «እንኳን ደስ ያለው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ወር፣ ጥርስ ሊነቅሉለት መርፌ እንደወጉት ሰው ናት፤ ጉንጩን ሲነኩት እጁ ያውቃል፣ ጉንጩ ግን አያውቅም። ትበላለች፣ ታስተምራለች፣ ትተኛለች። ጽሑፉም እንዲህ ሆና ነው ያለቀው። ፕሮፌሰሩ «ይህን ያህል የሰከነ ነገር ጽፈሽ አታውቂም» አሏት።

ረቡዕ በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ጋራዡ ከወደቡ ጎን ነው፤ ሦስት ግድግዳው ቆርቆሮ፣ አራተኛው ሐይቁ። ሞተረኛው አንድ ሞተር በእንጨት ማቆሚያ ላይ ሰቅሎ ካንዴላ እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ አያት። መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በቤንዚን፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ አጸዳ። ያን ሁሉ ሲያደርግ ቆማ ጠበቀችው።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

ወረፋ ላይ የተገናኙ ሰዎች እንኳ ከዚህ የተሻለ ይነጋገራሉ።

«ፊርማ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለችና ነገሩን አስረዳችው። ጽሑፉን ሠላሳ ስምንት ገጽ፣ ቅጹን ከላዩ አድርጋ ሰጠችው። ቅጹን ከላይ አንስቶ ወደ ታች ከተተው።

«ሳላነብ አልፈርምም። አባቴ ሳያነብ ፈርሞ ነው ጀልባውን ያጣው።»

«አንብበው። ጊዜ አለኝ።»

ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደና ሥራ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። እሷ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ውጭ ሴቶች መረብ እያደረቁ ይሟገታሉ። እሱ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱሮ ይህን ከንፈር ስታይ የምትሆነውን ታስታውሳለች። ማስታወሷን ብቻ ነው ያገኘችው።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አለ ሦስተኛው ገጽ ላይ። «መቅዘፊያ ከእርጥብ እንጨት አይሠራም፤ ይጣመማል። ሽማግሌው ያሉሽ ‹የረጠበ› ነው። የደረቀውን እንጨት በዘይት ያረጥቡታል።»

«አስተካክለው።»

አስተካከለ። ገጽ ገለጠ። አምስተኛው ገጽ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ሰንጠረዥ ነበር። ጣቱን ከላይ ወደ ታች አወረደና ቆመ።

«ተራ ቁጥር አሥራ አራት» ሲል አነበበ። «ወንድ። ሠላሳ ስምንት ዓመት። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። ባለትዳር።» እርሳሱን የመጨረሻው ቃል ላይ አሳረፈ። «ማነው ያጋባኝ?»

«ሾፌራችን ሱፍ ለብሰህ፣ አበባ ሰክተህ…»

«የታናሽ ወንድሜ ሚዜ ነበርኩ።» ቃሉን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «ያላገባ» ብሎ ጻፈ፤ በትንንሽ፣ በጥንቃቄ በተሣሉ ፊደላት። «እኔ ያገባሁ ቀንማ እኔን ሳይጠሩ አይቀሩም።»

ቀልዱ ጥሩ ነበር። ዱሮ ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። «ይቅርታ፣ እዚያ ላይ አስተካክለዋለሁ» አለች፣ የገጽ ቁጥር የተሳሳተ ይመስል። ከዚያ ደስታ ይመጣ እንደሆን ቁጭ ብላ ጠበቀች። ዘጠኝ ወር ሙሉ የቀበረችው ነገር ሐሰት ነበር፤ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የሆነ ነገር መሆን አለበት። ምንም አልሆነችም። እጇን አየችው። ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

እሱ ከሰንጠረዡ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስሜ ነበር። ጀልባው ላይ አንብበሽልኛል፤ እስከ አያቴ ስም ድረስ። አሁን ቁጥር ነኝ።» ድምፁን አላነሳም። «ስሜን ያወጣው ማነው? መጽሔቱ ነው ወይስ እናትሽ ናቸው?»

«መጽሔቱ ነው» አለች። «ሕግ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ገለጠ።

ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ብዙ ቆየ። ደጋግሞ አነበበው። ያ ገጽ ቀዛፊዎች አቅጣጫ እንዴት እንደሚያውቁ የሚናገረው ክፍል ነበር፤ ፕሮፌሰሩም «ይህቺ ዐረፍተ ነገር ብቻዋን ጽሑፉን ታሳልፈዋለች» ብለው ያሰመሩባት ቃል እዚያ ናት። በዝግታ ጮክ ብሎ አነበባት።

«‹ጭጋግ ሲወርድ ዳርቻው ይጠፋል። ያኔ ቀዛፊ ውኃውን አያይም፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ፊት ነው የሚያየው። እሱ ካልፈራ መንገዱ አልጠፋም። መረጃ ሰጪ አሥራ አራት፣ ቃለ መጠይቅ፣ በጀልባ ላይ።›»

ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አንተ ነህ ያልከኝ።»

«ለአንቺ ነው ያልኩሽ።»

ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው።

«ቀዛፊዎች እንዲህ አይሉም» አለ። «አባቴ ጭጋግ ሲወርድ መቅዘፊያውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ቁጭ ይላል። እስኪገለጥ ይጠብቃል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ጠይቂያቸው። ይሄን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ያን ቀን ጭጋጉ ውስጥ አንቺን እያየሁ፣ የምለው ሲጠፋኝ፣ ከአፌ የወጣ ነው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። መጽሔት ላይ ከወጣ ውሸት ነው።»

«እሺ።»

«እዚያ ጀልባ ላይ ግን እውነት ነበር።»

«እሺ» አለች እንደገና። ሌላ ቃል ፈለገች። ቃል ሥራዋ ነው፤ በመዝገበ ቃላት መካከል ነው የኖረችው። አላገኘችም።

እርሳሱን አንስቶ ሦስቱን መስመሮች ሰረዛቸው፤ በቁጣ ሳይሆን እንጨት ላይ መቁረጫ መስመር እንደሚያሰምር ሰው፣ ቀጥ አድርጎ። ከዚያ የቀረውን አነበበና ከታች ያለውን ቅጽ አወጣ። ቅጹ ላይ ከፊርማው በላይ ሁለት ባዶ ሳጥኖች አሉ። በአንዱ ፊት «ስሜ እንዲጠቀስ እፈልጋለሁ»፣ በሁለተኛው ፊት «ስሜ እንዲጠቀስ አልፈልግም» የሚል ተጽፏል።

መጽሔቱ ስም ይደበቅ አይልም፤ ሰውየውን ጠይቁት ነው የሚለው። እሷ ያን ታውቃለች። አሁን እሱም አወቀ። ዓይኑ ሳጥኖቹ ላይ ሲቆም አየችው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ የቁጣ አልነበረም። ገና ሲከፍተው የሞተሩን ችግር እንዳገኘ፣ ግን መለዋወጫው እንደሌለ እንዳወቀ ሰው ነበር ያያት። «አልፈልግም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ፈረመ።

«አውቶቡሱ በስምንት ሰዓት ይነሳል» አለና ወረቀቱን ሰጣት። «ቀድመሽ ካልሄድሽ ወንበር አታገኚም።»

ወንበር አገኘች። አራት ሰዓት ሙሉ በመስኮት እያየች ሄደች፤ ምን እንዳየች ግን ብትጠየቅ አታውቀውም።

ሐሙስን እርማቶቹን ስታስገባ ዋለች። ዋቢ መጻሕፍቱን በፊደል ተራ አሰለፈች፣ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ቁጥር አስተካከለች፣ አጠቃሎውን ከሁለት መቶ ሠላሳ ቃል ወደ ሁለት መቶ አወረደች፣ ገምጋሚዎች ማን እንደጻፈው እንዳያውቁ የራሷንም ስም ከየገጹ አወጣች። «ባለትዳር» የሚለውን ደምስሳ «ያላገባ» ብላ ጻፈች። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሦስቱን መስመሮች አጠፋችና በቦታቸው አንድ መስመር አስገባች፤ «ጭጋግ ሲወርድ ቀዛፊዎች መቅዘፋቸውን አቁመው እስኪገለጥ ይጠብቃሉ።» እውነተኛ ናት። ማንም አያሰምርባትም።

ዓርብ በአሥር ሰዓት ፕሮፌሰሩ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። ገጹን አገላብጠው አገላብጠው ሲያበቁ «ያቺን የመሰለች ቃል ምን አደረግሻት?» አሏት።

«የጥናቱ አልነበረችም፣ ፕሮፌሰር።»

ሊከራከሩ ፈለጉ መሰል አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ተዉት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጽሑፉን ላከችው። ወዲያው መልስ መጣ፤ ጽሑፍዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን ይላል። ኮምፒውተሩን ዘጋች። የሦስት ዓመት ሥራ ነው፤ ስትነሳ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መግፋቷን እንኳ አልረሳችም።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እናቷ ሳሎን ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር።

«ላክሽው?»

«ላክሁት።»

«እሰይ የኔ ልጅ። አባትሽ ቢኖር እንዴት ይኮራ ነበር። ምነው ታዲያ ፊትሽ?»

«ደክሞኝ ነው።» ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ሳታስበው «ረቡዕ ሐይቁ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «ያን ሰው ለማስፈረም። ዓምና እዚህ የመጣውን።»

«የቱን?»

«በረንዳ ላይ ሻይ ያቀረብሽለትን።»

እናቷ አሰቡ። «ፓምፑን የሠራውን?»

«አዎ፣ ፓምፑን የሠራውን» አለች፤ ድምፅዋ ሻከረ። «እንዲያገባኝ ነበር ያመጣሁት እማዬ። አንቺ ደግሞ አጎቴ ፊት ረዳቷ ነው ብለሽ በረንዳ ላይ አስቀመጥሽው።»

የምስሩ ሰፌድ በእናቷ ጭን ላይ ቆመ። ሊቆጡ ነው ብላ ጠበቀች። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

«አንቺን ጠይቄ አይደል?»

«ምን ብለሽ?»

«ሻዩን እየቀዳሁ፣ እዚያ ኩሽና ውስጥ፣ ‹ማነው ልጄ ሰውየው?› አልኩሽ። ‹ጥናቱ ላይ የሚረዳኝ ነው› አልሽኝ። ከአንቺ አፍ የሰማሁትን ነው ለአጎትሽ የደገምኩት።» ሰፌዱን አስቀመጡ። «እወደዋለሁ ብትዪኝ ምን እንደምል አላውቅም። ምናልባት እጮህብሽ ነበር። የሞተር ሠራተኛ አላለምኩልሽም ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን አላልሽኝማ። ያልሰማሁትን በምን ልከልክልሽ?»

ኩሽናውን አስታወሰችው። ማንቆርቆሪያው፣ የእናቷ ጀርባ፣ በተከፈተው መስኮት የፓምፑ ድምፅ። «የሚረዳኝ ነው» ስትል የራሷ ድምፅ እንዴት ቀላል እንደነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ታሪኩን ለራሷ ስትተርክ እዚህ ላይ ስትደርስ ዘልላው ነበር የምታልፈው፤ ተማሪ ቢያደርገው ጽሑፉን የምትመልስበት ዓይነት ዝላይ።

ተነሥታ ወደ ግቢ ወጣችና ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ?» ከበስተኋላው ሞተር ይጮሃል።

«እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ። ቁጥርሽን አላጠፋሁትም።»

«ረቡዕ ‹ስሜን ያወጣው ማነው?› ብለህ የጠየቅኸኝን ነው የምመልስልህ። መጽሔቱ አይደለም። እናቴም አይደለችም። እኔ ነኝ።»

የሞተሩ ድምፅ ጠፋ፤ ሄዶ አጥፍቶት መሆን አለበት። ከዚያ ትንፋሹን ብቻ ሰማች።

«እንግዲህ እኔ ልቆጣ ነው» አለ።

«ተቆጣ።»

«ረጅም ነው።»

«እሰማለሁ።»

ተቆጣ። ያንን ሰው ተቆጥቶ ሰምታው አታውቅም፤ ድምፁ መጀመሪያ ላይ መንገድ እንደማያውቅ ሰው ቆም እያለ፣ ከዚያ እየፈጠነ መጣ። ያን ቀን ምን እንዳሰበ፣ ለዚያ ቀን ሸሚዝ ከማን እንደተዋሰ፣ ደብዳቤውን ከላከ በኋላ ፖስታ ቤት ስንት ሳምንት እንደተመላለሰ ነገራት። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ቤት ስገባ እናቴ ‹እንዴት ተቀበሉህ?› አለችኝ» አለ። «በር ላይ ነበር የጠበቀችኝ። ‹በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ከመሀላቸው አስቀመጡኝ› አልኳት። ሰባ ዓመቷ ነው። ደስ ብሏት አለቀሰች። ለእናቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።»

ያኔ ገባባት። በቀስታ አልነበረም፤ ደረቷ ሥር አንድ ቦታ ላይ፣ ስለት እንደነካው ሆኖ። እጇን እዚያ ላይ ጫነች። የራሷ እጅ ነበር፤ የራሷ ደረት ነበር። ዕንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ተሰማት፣ ቀጥሎ ጨው ቀመሰች፤ ለካ ሕመምም ሰው ይናፍቀዋል።

«አለሽ?» አለ እሱ።

«አለሁ» አለችው። «ቀጥል።»